የትኛው ራስ ምታት? ከኪኒኑ በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አዳማ ውስጥ መድኃኒት ቤት ቆሞ የሚውል ሰው በቀን ደጋግሞ የሚሰማው ዓረፍተ ነገር አለ፦ «እባክህ፣ የራስ ምታት ስጠኝ።» ባጃጁን ሳያጠፋ ከመንገድ ዳር ሆኖ የሚጣራ አለ፤ ከገበያ መልስ ዘንቢሏን ደረጃው ላይ አስቀምጣ ግንባሯን ይዛ የምትገባ አለች። ማንም «የትኛውን ራስ ምታት?» ተብሎ መጠየቅ አይፈልግም። ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ኪኒኑ ርካሽ ነው፣ ጥያቄው ደግሞ ኪኒኑን ከመዋጥ ይልቅ ጊዜ ይፈጃል።

እኔ ግን እጠይቃለሁ፤ ምክንያቱም አማርኛችን ራሱ በዚህ ጉዳይ ከእኛ ይልቅ ጠንቃቃ ነው። «ፈለጠኝ» ያለ ሰው «ከበደኝ» ካለው ሰው ጋር አንድ ሕመም አልያዘውም። «ጠዘጠዘኝ»፣ «ወጋኝ»፣ «ጨምድዶ ያዘኝ» የምንላቸው ቃላት እያንዳንዳቸው ወደ የራሳቸው በር ይመራሉ። የአብዛኛው ራስ ምታት ምርመራ በደምም በራጅም አይገኝም፤ የሚገኘው ሕመምተኛው ከሚናገረው ታሪክ ውስጥ ነው። ታሪኩን በትክክል የሚናገር ሰው ግማሹን የሐኪም ሥራ ሠርቶ ይመጣል። ይህ መመሪያ እዚያ ለመድረስ ነው።

1. መጀመሪያ አደገኛውን ይለዩ

አብዛኛው ራስ ምታት አይገድልም። የሚገድለው ጥቂቱ ግን ጊዜ አይሰጥም። ከዚህ በታች ካሉት አንዱን ካዩ ወደ እኔ አይምጡ፤ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። ሕመምተኛው መንቀሳቀስ ካቃተው 907 ደውለው የቀይ መስቀል አምቡላንስ ይጥሩ።

ሕመሙ ከምንም ተነስቶ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ጣራ ከነካ፣ «በሕይወቴ እንዲህ አሞኝ አያውቅም» የሚያሰኝ ከሆነ፣ በአንጎል ዙሪያ ደም ፈስሶ ሊሆን ይችላል። «እስኪ እስከ ማታ ልየው» የሚባልበት አይደለም። ከራስ ምታቱ ጋር የአንድ ወገን እጅ ወይም እግር ከዛለ፣ ፊት ከተጣመመ፣ አንደበት ከተሳሰረ ስትሮክ ነው ብለው ይነሱ። ትኩሳት ኖሮ አንገት ደርቆ አገጭን ወደ ደረት ማስጠጋት ካቃተ፣ ሰውየው ከቃዠ ወይም ሲጫኑት የማይጠፋ ሽፍታ ከወጣበት ማጅራት ገትርን ያስቡ። ኢትዮጵያ በአፍሪካ የማጅራት ገትር ቀበቶ ውስጥ ካሉት አገሮች አንዷ ስትሆን ወረርሽኙ የሚበረታው በደረቁና አቧራማዎቹ ወራት ነው። በዚህ በሽታ የአንድ ሌሊት መዘግየት ሕይወት ያስከፍላል።

ነፍሰ ጡሮችን ለብቻ ላንሳ። ከ20ኛው ሳምንት በኋላ፣ ከወለዱ በኋላም እስከ ስድስት ሳምንት ድረስ፣ ጠንከር ያለ ራስ ምታት ከዓይን ብዥታ ወይም ብልጭታ፣ ከፊትና ከእጅ እብጠት ወይም በስተቀኝ ከጎድን ሥር ካለ ሕመም ጋር ከመጣ የደም ግፊት በዚያው ሰዓት መለካት አለበት። 140 በ90 ከደረሰ ወይም ካለፈ ወደ ቤት መመለስ የለም። «እርግዝና ነው፣ ያልፋል» የምትል ጎረቤት አትጠፋም፤ አይስሟት። በሌላ በኩል፣ ወገቧን በመርፌ ተወግታ በቀዶ ሕክምና የወለደች እናት ቀና ስትል የሚፈልጣት፣ ስትተኛ የሚለቃት ከሆነ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ከመርፌው ቀዳዳ የሚወጣው የአከርካሪ ፈሳሽ ነው። ይህም ሕክምና አለው፤ ወዳዋለዷት ባለሙያዎች ትመለስ።

ከ50 ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የጀመረ ራስ ምታት እስኪመረመር ድረስ አይታመንም፤ በተለይ የጆሮ ግንድ ሲነካ የሚያም፣ ሲያኝኩ መንጋጋ የሚደክም ከሆነ የደም ሥር ብግነት ሊሆንና ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። አንድ ዓይን ቀልቶ፣ እይታ ደብዝዞ፣ በመብራት ዙሪያ ቀለበት የሚያሳይ ሕመም ድንገተኛ ግላኮማ ሊሆን ይችላል። ጠዋት ጠዋት የሚያስመልስና ሲያስሉ ወይም ሲያጎነብሱ የሚብስ፣ ከሳምንት ሳምንት እየከፋ የሚሄድ፣ ካንሰር ወይም ኤችአይቪ ባለበት ሰው ላይ አዲስ የመጣ፣ ራሱን ተመትቶ በነበረ ሰው ላይ ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ የተነሳ፤ እነዚህ ሁሉ የሐኪም ናቸው። ባጃጅ ተገልብጦባቸው «ምንም አልሆንኩም» ብለው የሄዱ አረጋውያን ሦስት ሳምንት ቆይተው ራሳቸውን ሲይዙ ያንን መገልበጥ የሚያስታውሰው ዘመድ ነው፤ ያስታውሱላቸው።

ስለ ደም ግፊት አንድ ነገር ብዬ ልለፍ። ራሱን ያመመው ሁሉ «ግፊቴ ነው» ይላል። ትንሽ ከፍ ያለ ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ራስን አያሳምምም፤ አደገኛ የሚያደርገውም ይኸው ዝም ብሎ መጉዳቱ ነው። በተቃራኒው ሕመሙ ራሱ ግፊትን ከፍ ያደርጋል። አረፍ ብለው ደግመው ይለኩ። 180 በ120 ደርሶ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ ወይም የደረት ሕመም ካለ ግን የድንገተኛ ክፍል ጉዳይ ነው።

2. ትኩሳት ካለ ምች ከማለትዎ በፊት ደም ያስመርምሩ

«ምች ነው» እንላለን። ፀሐይ መታን፣ ላብ ላይ ነፋስ አገኘን፣ ከዚያ ራስ ይፈልጣል፣ ሰውነት ይቆረጣጠማል፣ ከንፈር ላይ ይወጣል። ዳማ ከሴ ታሽቶ ይሸተታል፣ ጭማቂው ቡና ውስጥ ጠብ ይላል። እናቴ እንዲህ አሳድጋኛለች፤ የዳማ ከሴን ሽታ ዛሬም እወደዋለሁ፣ ማንንም አልከለክልም። የምከለክለው መጠበቁን ነው። አዳማ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያለች፣ ወባ የሚገኝባት ከተማ ናት፤ ወባው የሚበረታውም ክረምቱ ካለፈ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና ራስ ምታት አብረው ከመጡ ዳማ ከሴውን እያሸተቱም ቢሆን በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ሄደው ደም ይስጡ። ከጣት ጫፍ በሚወሰድ ጠብታ የሚሠራው ፈጣን ምርመራ ውጤት በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይደርሳል።

ወባ ካልሆነ ብዙ ጊዜ የሚቀጥለው «ታይፎይድና ታይፈስ ተገኝቶብኛል» የሚል ወረቀት ነው። አንድ ጊዜ ብቻ የተሠራ የዊዳል ምርመራ ታይፎይድን አያረጋግጥም፤ የቆየ ኢንፌክሽን ወይም ሌላ በሽታ ውጤቱን «ፖዘቲቭ» ሊያደርገው ይችላል። በየሁለት ወሩ ታይፎይድ የሚባልለትና በየሁለት ወሩ ራሱን የሚያመው ሰው ካለ፣ ትኩሳትም ኖሮት የማያውቅ ከሆነ፣ መልሱ ከታች በአራተኛው ክፍል ያለ ይመስለኛል።

3. ክፍሉን ይመልከቱ

ይህ አጭር ነው፤ ግን እንዳይዘሉት። የከሰል እሳት ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ሽታም ቀለምም የሌለው ጋዝ ያወጣል። ጋዙ ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚቀመጥበትን ቦታ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በሚበልጥ ጉልበት ይይዘዋል። «ከሰሉ ፍም ሆኗል፣ ጭሱ አልቋል» ማለት ጋዙ አልቋል ማለት አይደለም፤ ፍሙም ያወጣል። በዝናባማ የሐምሌ ምሽት በአንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ በር ዘግቶ ቡና ማፍላት፣ ምድጃውን እዚያው ትቶ መተኛት፤ አደጋው ይህ ነው።

ምልክቱ፦ ቤት ውስጥ ያሉት ሁሉ፣ አንዳንዴም ድመቷ ሳትቀር፣ አንድ ላይ ራሳቸውን ያማቸዋል፣ ያቅለሸልሻቸዋል፣ ያዞራቸዋል፤ ወደ ውጭ ሲወጡ ቀለል ይላቸዋል። በሩን ይክፈቱ፣ ሰዎቹን ያውጡ፣ ምድጃውን ያውጡ፣ የደነዘዘ ወይም የሚያንቀላፋ ሰው ካለ ለኦክስጅን ወደ ሆስፒታል ይውሰዱ። ይህን ራስ ምታት በኪኒን አስታግሶ መተኛት አለመንቃት ሊሆን ይችላል።

4. ግሱን ይምረጡ

አደገኛው ከተጣራ የሚቀሩት የራሳቸው የሆኑ ራስ ምታቶች ናቸው፤ ሌላ በሽታ የወለዳቸው ሳይሆኑ እነሱው በሽታ ናቸው። ዋናዎቹ ሦስት ናቸው።

«ከበደኝ፣ ጨምድዶ ያዘኝ» ካሉ የውጥረት ራስ ምታት ሊሆን ይችላል። በሁለቱም ወገን ነው፤ ጠባብ ባርኔጣ የደፉ ወይም ሻሽ አጥብቀው ያሰሩ ያህል ይጫናል፣ ማጅራትና ትከሻን ይይዛል። ሥራ አያስቆምም፤ ደረጃ ቢወጡ አይብስም፤ አያስመልስም። ግማሽ ሰዓት ሊቆይ ይችላል፣ ሳምንትም ሊዘልቅ ይችላል። ቀኑን ሙሉ ስፌት ላይ ያቀረቀሩ፣ ስልካቸው ላይ ያጎነበሱ፣ ከእንቅልፍ የጎደሉ፣ የወሩ መጨረሻ የከበዳቸው ሰዎች ያውቁታል። ሕክምናው ቀላል ማስታገሻ፣ ማጅራትን በሞቀ ፎጣ ማሸት፣ በየሰዓቱ ተነስቶ ትከሻን ማፍታታት፣ መተኛት ነው። መነጽር የሚያስፈልገው ዓይንም ይህን ሊመስል ይችላል፤ አንድ ጊዜ ይለኩ። ከዚህ በላይ የምለው የለኝም፤ ብዙ ሰው ቶሎ ይሻለዋል።

«ፈለጠኝ፣ ጠዘጠዘኝ» ካሉ ወደ ማይግሬን ይቅረቡ። ብዙ ጊዜ በአንድ ወገን ነው፤ ከልብ ምት ጋር አብሮ ይመታል፤ ሲንቀሳቀሱ ይብሳል፤ ያለ መድኃኒት ከ4 እስከ 72 ሰዓት ይቆያል። ያቅለሸልሻል ወይም ያስመልሳል፤ ብርሃንና ድምፅ ያስጠላል። ሕመምተኛው መጋረጃ ዘግቶ መተኛት ይፈልጋል፤ የሽንኩርት ቁሌት ሽታ ጠላት ይሆንበታል። ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን ሦስት እጥፍ ያህል ይይዛል፣ በዘር ይወረሳል፣ በወር አበባ ሰሞን ይበረታል። ባለፉት ሦስት ወራት ራስ ምታትዎ አቅለሽልሾዎታል? ብርሃን አስጠልቶዎታል? ቢያንስ አንድ ቀን ከሥራ አስቀርቶዎታል? ከሦስቱ ለሁለቱ «አዎ» ካሉ ማይግሬን የመሆኑ ዕድል ከፍ ያለ ነው።

እዚህ ላይ «ሳይነስ» የሚለውን ቃል ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። በከተማችን ግንባሩን የያዘ ሁሉ ሳይነስ አለበት። እኔም ስድስት ዓመት ሳይነስ ነበረብኝ። የአዳማ ነፋስ አቧራ ይዞ ይነሳል፤ ነፋሱ በተነሳ ቁጥር ራሴን ያመኛል፣ ዓይኔ ያለቅሳል፣ አፍንጫዬ ይደፈናል፤ ታዲያ ሳይነስ ካልሆነ ምን ይሆናል? በጥቁር አዝሙድ ታጠንኩ፣ አንቲባዮቲክ ዋጥኩ፣ ራሴን ተሸፋፍኜ ሄድኩ። አንድ ሐኪም «ሲያምህ ብርሃን ትጠላለህ?» እስኪለኝ ድረስ ማይግሬን መሆኑን አላወቅኩም። ማይግሬን የፊት ነርቮችን ስለሚቀሰቅስ እንባም ንፍጥም ያመጣል። እውነተኛው የሳይነስ ኢንፌክሽን ግን ጉንፋንን ተከትሎ ይመጣል፤ ወፍራም ቢጫ ወይም አረንጓዴ ንፍጥ ያወጣል፣ ማሽተት ይከለክላል፣ አንዳንዴ ያተኩሳል። ከአሥር ቀን በላይ ካልቆየ ወይም ተሽሎ ካልባሰ ደግሞ አንቲባዮቲክ ብዙም አይጠቅመውም። በየወሩ እየመጣ በሁለት ቀን የሚሄድ ሳይነስ ካለዎት ስሙን እንደገና ያስቡበት።

ከማይግሬን ታማሚዎች ጥቂቱ ሕመሙ ከመምጣቱ በፊት ኦራ የሚባል ቅድመ ምልክት ያያሉ፦ ዓይን ላይ የሚያብረቀርቅ ጥርስ ጥርስ ያለው መስመር፣ የሚሰፋ ጥላ፣ ከጣት ጀምሮ ወደ ክንድና ወደ ከንፈር የሚወጣ መደንዘዝ። ከ5 እስከ 60 ደቂቃ ይቆያል። ከስትሮክ የሚለየው ቀስ እያለ መስፋፋቱ ነው፤ ስትሮክ በቅጽበት ይመታል። ቢሆንም ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ሰው ይመርመር። ኦራ ያላት ሴት ኤስትሮጅን ያለበትን የእርግዝና መከላከያ ኪኒን መውሰድ የለባትም፣ የስትሮክ ዕድሏን ከፍ ያደርገዋል፤ የሦስት ወሩ መርፌና ክንድ ላይ የሚቀበረው ኤስትሮጅን የለባቸውም።

«ወጋኝ፣ ዓይኔን ነደለኝ» ካሉ ክላስተር የሚባለው ሊሆን ይችላል። ብርቅ ነው፣ ግን የሚያመውን ያህል የሚያም ጥቂት ነገር አለ። ሁልጊዜ በአንድ ዓይን ዙሪያ ነው፤ ዓይኑ ይቀላል፣ ያለቅሳል፣ ሽፋኑ ይወርዳል፤ በዚያው ወገን አፍንጫ ይደፈናል። ከ15 ደቂቃ እስከ 3 ሰዓት ይቆይና ይለቃል፤ በቀን እስከ ስምንት ጊዜ ሊመለስ ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ሌሊት በተመሳሳይ ሰዓት ይቀሰቅሳል። ለሳምንታት ከዘመተ በኋላ ለወራት ይጠፋል። የማይግሬን ታማሚ ይተኛል፤ የክላስተር ታማሚ ግን ይንጎራደዳል፣ ግድግዳ ይመታል። አንድ የባጃጅ ሾፌር ደንበኛዬ በዚህ የተነሳ ሁለት ደህና ጥርሶቹን አስነቅሏል፤ እኔም ሦስት ጊዜ የጥርስ ማስታገሻ ሸጬለታለሁ። ለዚህ ሕመም ተራ ኪኒን አይደርስም፤ ሥራ ሳይጀምር ሕመሙ ያልፋል። የሚሠራው በጭምብል የሚሰጥ ንጹሕ ኦክስጅን ነው፤ በደቂቃ 12 ሊትር ወይም ከዚያ በላይ፣ ለ15 ደቂቃ። የሱማትሪፕታን መርፌም ይሠራል፤ ዘመቻውን ለመከላከል ደግሞ ቬራፓሚል በሐኪም ይታዘዛል። የጤና ባለሙያው ክላስተርን አይቶ የማያውቅ ሊሆን ስለሚችል ሕመሙ በተነሳበት ሰዓት ቤተሰብዎ በስልክ ቪዲዮ ይቅረጽዎት።

5. ስኒውን ይቁጠሩ

«ቡናዬን ስላልጠጣሁ ነው» የሚለውን ምክንያት ሐኪም ሊስቅበት አይገባም፤ እውነተኛ በሽታ ነው። በየቀኑ ቡና የለመደ ሰው ካቋረጠ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ውስጥ ራሱን ያመዋል፤ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ይበረታል፤ ዘጠኝ ቀን ድረስ ሊቆይ ይችላል። በዓቢይ ጾም የመጀመሪያው ሳምንትና በረመዳን የመጀመሪያዎቹ ቀናት መደርደሪያዬ ለምን እንደሚራቆት አሁን ገባዎት። ጾም ላይ የምግብና የውኃ መጉደል፣ የእንቅልፍ መዛባትም ይጨመርበታል።

መፍትሔው ከጾሙ በፊት ይጀምራል። ሁለት ሳምንት ሲቀር በቀን ከሚጠጡት ስኒ በየሦስት አራት ቀኑ አንድ አንድ ይቀንሱ፤ አቦል፣ ቶናና በረካ ሁሉንም የሚቀምሱ ከሆነ ከበረካው ይጀምሩ። ረመዳን የሚጾሙ በሱሁር ሰዓት አንድ ስኒ ቢጠጡና ውኃውን ከማታ ጀምረው ቢያዳርሱት ይረዳቸዋል። ማይግሬን ያለበት ሰው ምግብ መዝለሉ ብቻ ሕመሙን ሊቀሰቅስበት እንደሚችል ይወቅ፤ ጾሙን እንዴት እንደሚያደርግ ከሐኪሙና ከንስሐ አባቱ ወይም ከሼኹ ጋር ይምከር። የአዳማ ሙቀትም ያለ ጾም ውኃ ያስጨርሳል፤ ሽንትዎ ከጠቆረ ከኪኒኑ በፊት ውኃ ይጠጡ።

6. አንድ ደብተር ይግዙ

የተማሪ ደብተር ይበቃል። የእኛ ወር ሁልጊዜ 30 ቀን ስለሆነ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል፤ በአንድ ገጽ 30 መስመር፣ ጳጉሜን ለብቻዋ። በታመሙበት ቀን ብቻ ይጻፉ፦ ስንት ሰዓት ጀመረ፣ ስንት ሰዓት ለቀቀ፣ የት ነው፣ ግሱ ምንድን ነው፣ አስመለሰዎ ወይ፣ ምን ዋጡ፣ ስንት ፍሬ። ሴቶች የወር አበባ ቀናቸውን ያክብቡበት። እንቅልፍና ያለፈ ምሳ ካለ በአንድ ቃል ያስገቡ። ከዚህ በላይ አያብዙት፤ ረጅም ሠንጠረዥ የጀመረ ሰው በሳምንቱ ሲተወው አይቻለሁ። ሁለት ወር ከጻፉ ሐኪሙ በሦስት ደቂቃ የሚያነበው ማስረጃ ይኖርዎታል።

7. ኪኒኑን በሰዓቱና በልኩ

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው በሁለት ነገር ነው፤ ዘግይቶ ይወስዳል፣ አሳንሶ ይወስዳል፤ ከዚያ «አልሠራልኝም» ብሎ ሌላ ይጨምራል። ማይግሬን ሲጀምር ጨጓራ ሥራውን ያዘገያል፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ የተዋጠ ኪኒን እዚያው ይቀመጣል። እንደጀመረ ይውሰዱ።

ለአዋቂ ፓራሲታሞል 500 ሚሊግራሙን ሁለት ፍሬ በአንድ ጊዜ ነው፤ ቢያንስ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ሳይሞላ አይደገምም፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ፍሬ አያልፍም። ጉበቱ የተጎዳ፣ መጠጥ የሚያዘወትር ወይም ሰውነቱ የከሳ ከዚህ ያነሰ ነው የሚፈቀድለት። የጉንፋን ኪኒኖች ውስጥም ፓራሲታሞል ስላለ አንድ ላይ ሲዋጡ ሳይታወቅ ልኩ ይታለፋል። ለነፍሰ ጡር የመጀመሪያው ምርጫ ይኸው ነው። ኢቡፕሮፌን 400 ሚሊግራም ከምግብ ጋር ለማይግሬን ከፓራሲታሞል ይሻላል፤ ሆኖም የጨጓራ ቁስል፣ የኩላሊት በሽታ፣ ኢቡፕሮፌን የሚቀሰቅሰው አስም ላለበት፣ ወይም ከ20ኛው ሳምንት ላለፈች ነፍሰ ጡር አይሆንም። አስፕሪን ዕድሜው ከ16 በታች ለሆነ ልጅ አይሰጥም። የሚያስመልስ ካለ ሜቶክሎፕራማይድ በሐኪም ትዕዛዝ ይጨመራል፤ ማስመለሱን ከማቆሙም በላይ ጨጓራውን ስለሚያነቃ ማስታገሻው እንዲሠራ ይረዳል።

እነዚህ ካልበቁ ለማይግሬን ተብለው የተሠሩት ትሪፕታኖች አሉ፤ ሱማትሪፕታን 50 ወይም 100 ሚሊግራም። የልብ በሽታ፣ ስትሮክ ወይም ያልተስተካከለ ግፊት ያለበት ሰው አይወስዳቸውም። የቆየው ኤርጎታሚንም ለማይግሬን የሚሰጥ ነው፤ ርካሽ ቢሆንም ጠባየ ክፉ ነው። በእርግዝና ፈጽሞ አይወሰድም። ሪቶናቪር ካለባቸው የኤችአይቪ መድኃኒቶች ወይም ከክላሪትሮማይሲንና ከኤሪትሮማይሲን ጋር ከተገናኘ የደም ሥሮችን አጥብቦ ጣት እስከማስቆረጥ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ለመድኃኒት ባለሙያው የሚወስዱትን ሁሉ ይንገሩ፤ ኤችአይቪውን ጭምር። ሰው ሲሰማ መናገር ከከበደዎት ወረቀት ላይ ጽፈው ያቀብሉ፤ እኔ ዘንድ እንዲህ የሚያደርጉ አሉ፣ አንብቤ ወረቀቱን እመልስላቸዋለሁ።

ትራማዶል የሚባለው ጠንካራ ማስታገሻ የራስ ምታት መድኃኒት አይደለም። መርፌም በመርፌነቱ አይበልጥም፤ የሚጠቅመው የሚያስመልስ ሰው ኪኒኑ ሆዱ ውስጥ ስለማይቆይለት ነው። «እማማ፣ ኪኒኑና መርፌው አንድ መድኃኒት ናቸው» ስል «ልጄ፣ አንተ መርፌ ስለምትፈራ ነው» ያሉኝ እናት አሉ።

8. ቀናቱን ይቁጠሩ

ደብተሩ የሚያስፈልገው ከምንም በላይ ለዚህ ነው። ራስ ምታት ያለበት ሰው ፓራሲታሞልን ወይም ኢቡፕሮፌንን በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ትሪፕታንን፣ ኤርጎታሚንን፣ ትራማዶልን ወይም ካፌይን የተቀላቀለባቸውን ማስታገሻዎች በወር 10 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ከሦስት ወር ላለፈ ጊዜ ከወሰደ መድኃኒቱ ራሱ ራስ ምታት ይወልዳል። ጠዋት ሲነሱ የሚጠብቅዎት ሕመም፣ ሲውጡ ለጥቂት ሰዓት የሚለቅ፣ ማታ የሚመለስ። የሚቆጠረው የኪኒኑ ብዛት ሳይሆን የተዋጠበት ቀን ብዛት ነው።

መድኃኒት በእጁ ያለ ሰው በዚህ ለመውደቅ የመጀመሪያው ነው። እኔ በአንድ የጥቅምት ወር 19 ቀን ውጫለሁ። አንድም ቀን አላሰብኩትም፤ ቆጠራው ከደብተሩ ሲወጣ ነው የደነገጥኩት። ተራ ማስታገሻን በአንድ ጊዜ ማቆም ይቻላል፤ ትራማዶል የለመደ ግን በሐኪም እየቀነሰ ነው። ካቆሙ በኋላ ከ2 እስከ 10 ቀን ይብሳል፤ ያስመልሳል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ያነጫንጫል። ለዚህ ሳምንት ሠርግና ፈተና የሌለበትን ይምረጡ፣ ቤተሰብዎን ያስጠንቅቁ። ባለቤቴ ልጆቹን ይዛ እናቷ ዘንድ ሄደችልኝ። ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ ይለቃል፤ ሁለት ወር ሊወስድ ይችላል። ወደፊት ማስታገሻን በሳምንት ከሁለት ቀን ባያሳልፉ ይጠበቃሉ።

9. ወደ ሐኪም ሲሄዱ

በወር አራት ቀንና ከዚያ በላይ ከሥራ ወይም ከቤት ጉዳይ የሚያስቀርዎት ማይግሬን ካለ፣ ሲነሳ ማስታገስ ብቻ አይበቃም፤ በየቀኑ የሚወሰድ መከላከያ ይጠይቁ። ደብተሩን ከኪስዎ ያውጡና ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡት። «ሲቲ ስካን ይደረግልኝ» ብለው አይጀምሩ። ታሪኩ የማይግሬን ከሆነና ሐኪሙ ዓይንዎን፣ አንገትዎን፣ አረማመድዎን አይቶ ጤናማ ካለው ሥዕሉ አብዛኛውን ጊዜ የሚያክለው ነገር የለም፤ ማይግሬን በሲቲ አይታይም። ያ ገንዘብ ለመድኃኒቱ ይሁን። በአንደኛው ክፍል ካሉት ምልክቶች አንዱ ካለ ግን ምርመራው የግድ ነው።

ከመከላከያዎቹ ፕሮፕራኖሎል በብዛት ይታዘዛል፤ የልብና የግፊት መድኃኒት ነው፣ አስም ላለበት አይሆንም። አሚትሪፕቲሊን በትንሽ መጠን ማታ ይወሰዳል። ወረቀቱ ላይ «ለድብርት» የሚል አንብባ «አበደች ብለው ነው የሰጡኝ» ብላ ኪኒኑን የመለሰችልኝ ወጣት ነበረች፤ ለማይግሬን የሚሰጠው መጠን ለድብርት ከሚሰጠው በጣም ያነሰ ነው፣ ጥቅሙም ከድብርቱ ጋር አይያያዝም። ቫልፕሮኤትና ቶፒራሜት ጽንስን ስለሚጎዱ የመውለድ ዕድሜ ላይ ያለች ሴት ስለ እርግዝና መከላከያ ሳትነጋገር አትጀምራቸው።

መከላከያ ማስታገሻ አይደለም፤ በዋጡበት ቀን ምንም አይሰማዎትም። በትንሽ መጠን ተጀምሮ ከፍ ይላል፤ ትክክለኛው መጠን ላይ ከደረሱ በኋላ ስምንት ሳምንት ሳይሞላ «አልሠራም» አይባልም። ከሠራ ስኬቱ የሕመሙ ቀናት በግማሽ መቀነስ ነው፤ ደብተሩ ላይ ስምንት የነበረው አራት ይሆናል። ከስድስት ወር እስከ ዓመት ከተረጋጋ ሐኪሙ ማቆም ይቻል እንደሆነ ያያል። ፕሮፕራኖሎልን ግን ድንገት አያቁሙት፤ ልብን ያስደነብራል። በሁለት ሳምንት ውስጥ እየቀነሱ ይውጡ፤ የመጨረሻውን ፍሬ የዋጡበትን ቀን ደብተሩ ላይ ይጻፉ፤ ቆጠራውንም ቢያንስ ሦስት ወር ይቀጥሉበት።